ስምንተኛው ሺህ ስንት ጊዜ ገባ?

ይህች ጽሑፍ ረዘም ትላለች፤ ቡና እየፈላ ብታነቧት ይሻላል። ሳያነብ «አሜን» ብሎ የሚያልፍ ወዳጅ ደግሞ ዛሬ እባክህ መጀመሪያ አንብብ፣ አሜኑ ይደርሳል።

ነገሩ የጀመረው መስከረም 12 ነው። ከክፍል ስወጣ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ በር ላይ ጠብቆ የታሪክ መጽሐፉን ሰጠኝ። «ለሌላ ልጅ ይስጡልኝ ቲቸር» አለኝ። ትምህርት ቤት ሊቀይር መስሎኝ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅኩት። ፈገግ ብሎ «ነገ ንጥቀት ነው» አለ። ፈተናውስ? ብለው «ፈተና እኮ አይኖርም» አለኝ፣ እኔን እያዘነልኝ።

ሰምታችሁ ይሆናል። አንድ ደቡብ አፍሪካዊ ሰባኪ ጌታ በሕልም ተገልጦ ነገረኝ ብሎ የፈረንጆቹን ሴፕቴምበር 23 እና 24፣ 2025 ቆርጦ ተናገረ። በእኛ መስከረም 13 እና 14፣ 2018 መሆኑ ነው። ቲክቶክ አራገበው፤ ከዚያ ጅማ ገባ። ልጁ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ከፈተና ማምለጫ ፈልጎ ነው ብዬ ስቄ አልፈው ነበር። ግን ከክፍሉ ከሦስተኛ ወርዶ የማያውቅ ልጅ ነው።

መስከረም 15 ቀን ክፍል ገባሁ፤ ልጁ ቦታው ላይ ተቀምጧል። ሰው ፊት ላሳፍረው አልፈለግኩም። እረፍት ላይ ጠርቼ መጽሐፉን ስመልስለት ተቀበለኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በሁለት ሳምንት ተራዝሟል ነው የሚሉት» አለኝ።

ያች «ተራዝሟል» የምትል ቃል ናት ይህን ያጻፈችኝ። ምክንያቱም እኔ ያቺን ቃል በልጅነቴም ሰምቻታለሁ፣ በሙያዬም የማውቃት ነገር ናት።

1992 ዓ.ም. ላይ የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩ። የፈረንጆቹ 2000 ሊገባ ነው ተብሎ ሰዉ ሁሉ በወሬ ይታመስ ነበር። ሌላው ዓለም ኮምፒውተር ይቆማል እያለ ሲሰጋ፣ ወሬው እኛ ሰፈር ሲደርስ መልኩን ቀይሮ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ጨለማ ይሆናል ሆነ። ሱቁ ውስጥ ሻማና ክብሪት አለቀ። እናቴ በጀሪካን ውሃ ሞላች፣ ጧፍ ገዛች፣ በር እንዳንከፍት አስጠነቀቀችን። ታኅሣሥ 21 ማታ ተቃቅፈን ተኛን። ጠዋት ጎረቤታችን በተለመደው ሰዓት ቡና ስትወቅጥ ነቃን። የእኛ ቤት ኪሳራ ጧፍ ብቻ ነበር፤ እሱም መብራት በጠፋ ቁጥር ሲያገለግለን ከረመ።

የእናቴ ወንድም ግን ከጧፍ አልፎ ሄደ። ከአጋሮ ወጣ ብሎ ጥሩ ቡና ነበረው። እዚያ ሰፈር አንድ ሰባኪ መጥቶ ዘመን እየቆጠረ ሲያስተምር ከርሟል። አጎቴም አመነ። እሸቱ ዛፉ ላይ ቀልቶ ተንጠልጥሎ እያለ ለቀማውን ተወው፤ ከዚያ ይዞታውን እንዳለ ለአሥር ዓመት በኮንትራት ለአንድ ነጋዴ ሰጠ። ዋጋ እንኳ አልተከራከረም፤ ምን ይሠራለታል? ከገንዘቡ ግማሹን ለተቸገረ አከፋፈለ። ልጁን ከ7ኛ ክፍል አስወጣው።

ጥር ሲገባ ሰባኪው አገር ለቅቆ ሄደ። አጎቴ የሚለቅበት አገር አልነበረውም። ሰውዬው አጭበርባሪ ነበር ማለቴ አይደለም፤ እስከማውቀው እሱም ከልቡ ያመነ ሰው ነበር፣ እሱም የነበረውን ሸጦ ነበር። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ የዓለም የቡና ዋጋ ወደቀ። የዚያን ጊዜ ጀንፈል ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ያስታውሰዋል። ኮንትራት የያዘው ነጋዴ ግማሹን ቡና ነቅሎ ጫት ተከለበት። በ2002 መሬቱ ሲመለስ አጎቴ የተረከበው ሌላ መሬት ነበር። ልጁ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጅ መንዳት ነውር የለውም፤ ግን ሒሳብ ላይ ከእኔ በጣም ይበልጥ ነበር።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ። እኔ በዲፕሎማ የማስተምር የታሪክ መምህር ነኝ እንጂ የመጻሕፍት ሊቅ አይደለሁም፤ የምጽፈው ግን ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ የምደግመውን ነው።

አገራችን ውስጥ አንድ ያልተለመደ ነገር በታየ ቁጥር፣ ልጅ አባቱን ቢሳደብም፣ ሽንኩርት ቢወደድም፣ «ስምንተኛው ሺህ!» እንላለን። ለመሆኑ ስምንተኛው ሺህ መቼ ነው የገባው? ብዬ ክፍል ውስጥ ስጠይቅ አብዛኛው ተማሪ ገና ሊገባ ያለ ይመስለዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው። በባሕረ ሐሳብ ቆጠራ ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው። በዚያ ላይ የእኛን ዓመተ ምሕረት ደምሩ። ዘንድሮ 5500 ሲደመር 2018፣ ዓመተ ዓለም 7518። ሰባተኛው ሺህ የሞላው እንግዲህ በ1500 ዓ.ም. ነው። ስምንተኛው ሺህ ከገባ 518ኛ ዓመታችንን ይዘናል ማለት ነው።

ይህ የ5500 ቁጥር ራሱ የሚገርም ታሪክ አለው። ከ1800 ዓመት በፊት ሮም ላይ የነበረው፣ እኛ አቡሊዲስ የምንለው አባት፣ የዳንኤልን መጽሐፍ ሲተረጉም የታቦተ ሙሴን ልክ ደመረ፤ ርዝመቱ 2 ክንድ ተኩል፣ ወርዱ 1 ተኩል፣ ቁመቱ 1 ተኩል፣ ድምሩ 5 ክንድ ተኩል። ክርስቶስም በ5500 መጣ አለ። ዓለም በስድስት ቀን ስለተፈጠረ፣ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ሆኖ፣ ፍጻሜው በ6000 ነው ብሎ ደመደመ። ይህም ወደ 500 ዓመተ ምሕረት ገደማ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ እሱ ይህን ያሰላው ሕዝቡን ለማስፈራራት አይደለም፣ ለማረጋጋት ነበር፤ ፍጻሜው ገና 300 ዓመት ይቀረዋል፣ ሥራችሁን ሥሩ ለማለት።

ለምን ማረጋጋት አስፈለገው? እዚያው መጽሐፍ ውስጥ በዘመኑ የሆነ ነገር ይተርካል። በሶርያ አንድ የቤተ ክርስቲያን መሪ ክርስቶስን ልንቀበል ነው ብሎ ብዙ ሰው ከነሚስቱና ከነልጁ ወደ በረሃ ይዞ ወጣ፤ ተቅበዝብዘው ገዥው እንደ ሽፍታ ሊያስጨርሳቸው ሲል ለጥቂት ተረፉ። በጶንጦስ ደግሞ ሌላው ሕልም አይቶ ፍርዱ በዓመት ውስጥ ነው አላቸው። ሰዎቹ እርሻቸውን ተዉ፣ ንብረታቸውን ሸጡ፤ ዓመቱ ሲሞላ ንብረቱን የሸጠው ለልመና ወጣ። መጀመሪያ ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። አጎቴን ከ1800 ዓመት በፊት ያየሁት መሰለኝ።

6000 መጣ፣ አለፈ። እንግዲያው 7000 ነው ተባለ። ሩሲያውያን ኦርቶዶክሶች በእነሱ ቆጠራ 7000 የሚሞላው በፈረንጆቹ 1492 ስለነበር የፋሲካ ማውጫ ሰንጠረዣቸውን እዚያ ድረስ ብቻ ነበር ያዘጋጁት። ከዚያ በኋላ ፋሲካ ማን ይፈልጋል? ዓመቱ ሲያልፍ ሜትሮፖሊታኑ ዞሲማ ቁጭ ብሎ ለስምንተኛው ሺህ አዲስ ሰንጠረዥ ማውጣት ግድ ሆነበት። እኔ ሁልጊዜ የሰውዬው ፊት ምን ይመስል ነበር ብዬ አስባለሁ።

ለእኛ ተራው በ1500 ደረሰ። በጊዜው ንጉሡ ዐፄ ናዖድ ነበሩ። ስምንተኛውን ሺህ አታሳየኝ ብለው ይጸልዩ ነበር ይባላል። በእርግጥም በ1500 ዓ.ም. ክረምት፣ ሰባተኛው ሺህ ሊጠናቀቅ ሳምንታት ሲቀሩት ሞቱ። ዙፋኑ ገና ልጅ ለነበሩት ለልብነ ድንግል ተላለፈ፤ እቴጌ እሌኒ ከኋላ ሆነው መሩ።

ከዚያ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ፤ መጋቢት 1521 ሽምብራ ኩሬ፣ የኢማም አሕመድ ዘመቻ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ንጉሡ ከተራራ ተራራ ሲሳደዱ ኖረው በ1533 መጀመሪያ ደብረ ዳሞ ላይ ሞቱ። «ይኸው ስምንተኛው ሺህ!» የሚለው አነጋገር እንዲህ ሥር ቢሰድ አይገርምም። ትንቢቱ ደረሰ ማለት አይደለም ወይ?

እዚህ ላይ ነው ተማሪዎቼን ቆም የማደርጋቸው። በ1500 እና በ1521 መካከል ስንት ዓመት አለ? 21። በዚያ ውስጥ ምን ሆነ? በ1509 ልብነ ድንግል የአዳሉን ማሕፉዝን ድል አደረጉ። በ1512 የፖርቱጋል መልእክተኞች መጡ፤ አብሯቸው የመጣው ቄስ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ኖሮ ያየውን የጻፈው የአንድ ትልቅ፣ የቆመ መንግሥት ታሪክ ነው። ስምንተኛው ሺህ የገባው በድል ነው ማለት ነው! ግን ያንን ማንም አያነሳም። መጥፎው ሲመጣ ወደ ኋላ ዞረን ከቀኑ ጋር አሰርነው።

ሌላም አለ። የእኔ ክፍል ግማሹ ሙስሊም ተማሪ ነው፤ ጅማ ነው እንግዲህ። ለአንዱ ወገን የዓለም ፍጻሜ የመሰለው ዘመን ለሌላው ወገን የድል ዘመን ነበር። ይህን ስል ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ «ታዲያ ያለቀው የማን ዓለም ነው?» አለችኝ። ነጥብ ጨመርኩላት።

የስምንተኛው ሺህ ሌላው ችግር ስፋቱ ነው። ከ1501 እስከ 2500 ዓ.ም. ድረስ ይዘልቃል። በዚያ ሺህ ዓመት ውስጥ ጦርነት፣ ረሃብ ወይ በሽታ ከመጣ ምልክት ነው። አሁን እኔ «ጅማ ላይ በሚቀጥለው ሺህ ዓመት ውስጥ ዝናብ ይዘንባል» ብል ነቢይ ትሉኛላችሁ?

ፍካሬ ኢየሱስን ደግሞ እንይ። ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል፣ 40 ዓመት በሰላም ይገዛል የሚለው ትንቢት በሕዝቡ ዘንድ እጅግ የታወቀ ነበር። የቋራው ካሣ ኃይሉ ይህን ያውቁ ነበር። በየካቲት 1847 ደጃች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርገው፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሰናዱት ደረስጌ ማርያም ውስጥ በአቡነ ሰላማ እጅ ሲነግሡ ስማቸውን ቴዎድሮስ አሉ። እንግዲህ ትንቢቱ ሰውየውን ተናገረ ወይስ ሰውየው ትንቢቱን ለበሱት? ኢየሩሳሌምን ነፃ የማውጣት ሐሳብ ሁሉ ነበራቸው። ትንቢት ውሸት ቢሆን እንኳ ባዶ አይደለም፤ ጦር ያሰልፋል፣ ዙፋን ይሰጣል። 40 ዓመቱ ግን 13 ሆነ። ሚያዝያ 1860፣ የፋሲካ ማግስት፣ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ከዚያስ? ትንቢቱ ስህተት ነበር ያለ ጥቂት ነው። «እሱ ያኛው ቴዎድሮስ አልነበረም፣ እውነተኛው ገና ነው» ተባለ። ዛሬም ዩቲዩብ ላይ ይጠበቃል። ተራዝሟል።

የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ ደግሞ የጎረቤትም አለ። ከሂጅራ ወዲህ 1300 ዓመት ሊሞላ ሲል ማህዲ ይመጣል የሚል ጥበቃ በሙስሊሙ ዓለም ብዙ ቦታ ነበር። በፈረንጆቹ 1881 ሱዳን ውስጥ መሐመድ አሕመድ እኔ ነኝ አለ። አራት ዓመት ሳይሞላው ካርቱምን ያዘ፤ በዚያው ዓመት ሞተ። ተከታዮቹ ግን ቀጠሉ፣ ጎንደርን አቃጠሉ፤ መጋቢት 1881 በእኛ አቆጣጠር ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከእነሱ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ይህን አንድ ሙስሊም ባልደረባዬ ጋር ሳነሳ «የሰዓቲቱ ዕውቀት አላህ ዘንድ ብቻ ነው፤ እኛም ቀን ቆራጭ አናጣም እንጂ» አለኝ። ተግባባን።

ያው ዘመን የክፉ ቀን ዘመን ነበር፣ ከ1880 እስከ 1884። ከምጽዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ አራሽ በሬ አጣ፣ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፣ ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ ይባላል። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ያንን ያየ ሰው የዓለም መጨረሻ ነው ቢል እኔ አልፈርድበትም፤ እኔም እዚያ ብሆን እል ነበር። በሽታው ግን ወደ ደቡብ ወርዶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ፤ ምልክት ሳይሆን ቫይረስ ነበርና። ክትባት ተገኘለት። በ2003 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ከምድር ላይ መጥፋቱ በይፋ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ።

አሁን ያዟት ይህችን ግንቦት 2003ን። አሜሪካዊው የሬዲዮ ሰባኪ ሃሮልድ ካምፒንግ ዓለም ይፈረድባታል ብሎ በየአገሩ ማስታወቂያ የሰቀለበት ቀን ግንቦት 13፣ 2003 ነበር። ከዚያ በፊት 1994 ብሎ ነበር፣ በፈረንጆች። ግንቦት 13 ስታልፍ ወደ ኦክቶበር 21 አራዘማት። ዓለም ፍጻሜዋን በምትጠብቅበት በዚያው ሰሞን ለአያቶቻችን የፍጻሜ ምልክት የነበረው በሽታ ራሱ አለቀ። ካምፒንግን ግን አንድ ነገር አከብርለታለሁ፤ በዓመቱ ተሳስቻለሁ ብሎ በአደባባይ ጻፈ። በዚህ ሙያ ውስጥ ይህን ያደረገ ሰው ብዙ አላየሁም። ከእሱ በፊት ገበሬው ዊልያም ሚለር በ1844 ሲያስጠብቅ፣ ከተከታዮቹ አንዳንዶቹ ድንቻቸውን ከመሬት ሳያወጡ ነበር የጠበቁት። ቡናውን ዛፍ ላይ የተወው ሰውዬ ትዝ ይላችኋል።

የእኛን 2012ንም አልረሳኋትም። አንበጣ፣ ኮሮና፣ ትምህርት ቤት ዝግ፤ በዚያ ላይ ሰኔ 14፣ እሑድ ጠዋት፣ ፀሐይ ግርዶሽ። ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆና ታየች፣ እዚህ ጅማ ደግሞ አብዛኛው ተሸፍኖ ብርሃኑ ፈዘዘ። ስልኬ በትንቢት ተጥለቀለቀ። ግን አስቡት፤ ያቺ ግርዶሽ የምትውልበት ቀን፣ ደቂቃዋና የምታልፍበት መንገድ ሳይቀር ከብዙ ዓመት በፊት ተሰልቶ ታትሞ ነበር። ያ ነው ትንበያ። ቢሳሳት ኖሮ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አባቶቻችንም ይህን ያውቁበታል፤ ባሕረ ሐሳብ የዛሬ መቶ ዓመት ፋሲካ መቼ እንደሚውል ያወጣልሃል። ያንን ሁሉ ማስላት የሚችሉ ሊቃውንት የምጽአትን ቀን ግን አላሰላንም ይላሉ፤ ማቴዎስ 24 ቁጥር 36ን ስለሚያውቁት ነው።

ባለፈው ይህን መምህራን ክፍል ውስጥ ስናወራ አንድ ባልደረባዬ ሞገተኝ። «ምን ይጎዳል? ቀኑ ቢሳሳትም ሰው ንስሐ ይገባል፣ ይታረቃል» አለ። እውነት አለው። 1992 ላይ ሰፈራችን ውስጥ ለዓመታት የተኳረፉ ሁለት ሴቶች ጨለማው ሳይመጣ ታርቀዋል፤ እስከዛሬ እንደታረቁ ናቸው። ይህን አልክድም። እኔም ቤተ ክርስቲያን የምሄድ ሰው ነኝ፣ ይመጣል የሚለውንም አምናለሁ። ግን ለመታረቅ ቀን መቁረጥ ካስፈለገ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚከፍለው ማነው? ሰባኪው ቪዲዮውን ያጠፋል፣ ቻናሉ ሌላ ቀን ይጭናል። በ2013 ክትባቱ 666 ነው ብለው ሲያስፈራሩን ከነበሩት ውስጥ ዛሬ ስለዚያ የሚያነሳ አለ? የሚከፍለው ጀንፈሉን ያልሰበሰበው ነው፣ መጽሐፉን የመለሰው ልጅ ነው።

ያ ተማሪዬ አሁን ደህና ነው። ሁለተኛዋ ቀን ካለፈች በኋላ አንድ ቅዳሜ ከጅሬን ቁልቁል አብረን በእግር ወረድን። ስለ አቡሊዲስና ስለ ጶንጦሱ ሰዎች ነገርኩት። ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና «እነዚያ የሸጡት ሰዎች ንብረታቸው ተመለሰላቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። መጽሐፉ ላይ ለልመና ወጡ ከሚለው በኋላ የለም አልኩት። ሰኞ ዕለት የትርፍ ሰዓት የሒሳብ ትምህርት ተመዘገበ፤ እኔ ምንም አላልኩትም።

አጎቴ ጋ ባለፈው እሑድ ሄጄ ነበር፣ ለቀማ ላይ ናቸው። ጫቱን ነቅሎ ያሳደገው ቡና ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ስለ መስከረም 13 አውርቼለት ረጅም ጊዜ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወና «ልጁ መጽሐፉን ብቻ ነው የሰጠው?» አለኝ። አዎ ስለው «ጎሽ» አለ።

እስቲ ከናንተ ውስጥ 1992ን የሚያስታውስ ይጻፍልኝ። እናንተ ሰፈር ጨለማው ስንት ቀን ነበር የተባለው? አንድ የአጋሮ ወዳጄ የእነሱ ሰባት ቀን ነበር ይላል።